ከ11 ሰዓት በኋላ

የሥልጠና ጥሪ ደብዳቤ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል። ምዝገባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ የመክፈቻ ንግግር 3 ሰዓት (ተናጋሪው 4 ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ብቻ አልተጻፈም)፣ የሻይ ቡና እረፍት፣ ገለጻ፣ ምሳ፣ የቡድን ሥራ፣ ደግሞ ሻይ ቡና፣ 11 ሰዓት ላይ የዕለቱ ማጠቃለያ። እዚያ ላይ ሠንጠረዡ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሠራተኛ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ከማን ጋር እንደሚያመሽ የሚናገር አንድ መስመር የለም። በጀት ክፍሉም ዝም፣ አዘጋጁም ዝም።

ይህን ባዶ ቦታ ለዓመታት አጥንቼዋለሁ። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ መሥሪያ ቤቴም ሥልጠና የማይጠላ መሥሪያ ቤት ነው። የሥልጠናን ጂኦግራፊ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፦ አዲስ አበቤ ሲሠለጥን አዳማ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ይወሰዳል፤ እኛ ስንሠለጥን ወደ አዲስ አበባ እንጠራለን። መንገድ ላይ እንተላለፋለን። ምክንያቱን የጠየቅኳቸው አንድ የፋይናንስ ሰው «ቤቱ የሚያድር ሰው ልቡ አይሰበሰብም» አሉኝ። ቤቱ የሚያድር ሰው አበል እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አላነሳነውም።

የጥናቴ ውጤት ይህ ነው፦ ያ ባዶ ቦታ ባዶ አይደለም። ባለቤቶች አሉት፣ ያውም ብዙ። ከባለቤቶቹ መካከል የማይገኘው ሠልጣኙ ብቻ ነው።

ዋነኛዋ ባለቤት አክስቴ ናቸው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል መንገድ የሚጓዝ ሰው ከተገኘ ሳይጫን አይለቀቅም። የጉዞዬ ወሬ በተሰማ ማግስት እናቴ ቤት ካርቶን ይቀርባል። ከታች ሽፈራው፣ ከላይ ሙዝ። ሽፈራው ደርቆ የተወቀጠ ቅጠል ነው፤ የአዲስ አበባ ዘመዶች ለስኳሩም ለደም ብዛቱም ይበጃል እያሉ በጉጉት ይጠብቁታል። ጠባዩ የተመሰገነ ዕቃ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ሳምንት ቢቀመጥ አይናገርብህም። ሙዝ ግን ሰላይ ነው። ቢጫ ሆኖ ከደረሰ «ትናንት ገባህ» ማለት ነው። ነጠብጣብ ካወጣ «ሰንብተሃል» ነው። ጠቁሮ ከደረሰ ምንም ብታስረዳ አይሆንም፤ አክስቴ አንዱን አንስተው፣ አገላብጠው አይተው፣ «ሥልጠናው ከተጀመረ ቆየ እንዴ ልጄ?» ይላሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

ስለዚህ ዘመድ የሚጠየቅበትን ቀን የሚወስነው ፍሬው ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ሙዙን ጥሬ ይዘው በመሄድ ቀን ለመግዛት ይሞክራሉ፤ ዘዴኞች ናቸው። የመጨረሻውን ምሽት የሚመርጡት «ነገ ሌሊት መንገደኛ ነኝ» ብለው ቶሎ ለመነሳት ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ይህም ቢሆን መዘዝ አለው። ቀድመህ ከሄድክ አክስት የመልስ ጭነት ለማዘጋጀት ጊዜ ታገኛለች፦ ለእናትህ ቀሚስ፣ ለልጆችህ ልጆቿን የጠበባቸው ጫማ፣ «ይቺን ብቻ» የምትባል ከባድ ፌስታል። ያንን ለመውሰድ እንደገና ትሄዳለህ። አንድ አክስት፣ ሁለት ምሽት። ሁለት አክስት ያለው ሰው ሥልጠናው እንዲራዘም ይጸልያል።

አክስቴ የሚኖሩት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የጀሞ ታክሲ ሰልፍ በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሲታይ ጫፉ የት እንደሆነ ጠይቆ ማግኘት ያስፈልጋል። ሰልፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚያልፉ ለሌላ ሰፈር ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ ሲደርሰው «ይሄ የጀሞ አይደለም» የተባለ ሰው አይቻለሁ፤ ፊቱን ለመርሳት ጊዜ ወስዶብኛል። ካርቶን ተሸክሞ የተሰለፈ ሰው ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ ሙዙ ያስተዋውቀዋል።

«በስንት ገዛኸው ወንድሜ?» ትላለች ከኋላ ያለችው።

«አልገዛሁትም፤ ካገር ቤት ነው።»

«ታዲያ ዘመድ ላይሆን ይችላል እኮ የሚበላው። ለኛ ሽጥልንና ገላግለን።»

ጀሞ ስትደርስ ጨልሟል። ፀሐይ በኛ አገር አታመነታም፤ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቁጥራቸው በጨለማ አይነበብም። ስልክ ይደወላል። «ከታች ነኝ።» «የቱ ጋ?» «እዚህ አንድ ሱቅ አለ።» «ሱቅ የሌለበት የት አለ ልጄ?» በመጨረሻ አንድ ሕፃን ተልኮ ይመጣል፤ ካርቶኑን አይቶ መንገዱን ሳይሆን ሙዙን እየመራ ወደ ላይ ይወጣል። ኮንዶሚኒየሙ አሳንሰር የለውም። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ስንመጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተናል፤ ሳንባችን ገና ከታች ነው ያለው። አራተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ሰላምታ መስጠት አልችልም፤ ትንፋሽ እስካገኝ በእጄ ብቻ ነው ሰላም የምለው።

ከዚያ መብል ነው። በሥልጠናው በቀን ሁለት ጊዜ ኬክ፣ አንድ ጊዜ ቡፌ እንደምንበላ ማስረዳት ከንቱ ነው፤ «እነሱ ደግሞ ምን ያበሉሃል!» ትባላለህ። የሚከብደው ግን ምግቡ አይደለም፤ ወሬው ነው። ያገር ቤት ወሬ ማቅረብ ከሥልጠናው ሪፖርት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እናቴ ከመነሳቴ በፊት ቁጭ አድርጋ ታሰለጥነኛለች፦ ማን እንደታመመ ንገር፣ ማን እንደተሻለው ንገር፣ የእንትናን መሞት ግን ገና አልተረዱምና አደራ አፍህን ጠብቅ። መርዶ በወጉ በሽማግሌ ማለዳ ይነገራል እንጂ ከሙዝ ጋር አይላክም። ታዲያ አክስቴ የሚጠይቁኝ ቀድመው ስለዚያው ሰውዬ ነው። «እሳቸውስ ደኅና ናቸው?» እኔም ጉርሻውን አፌ ውስጥ አገላብጬ፣ አላምጬ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ «ሰሞኑን አላገኘኋቸውም» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

2 ሰዓት ላይ ዜና አለ፤ ከዜናው በኋላ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ። አክስቴ ታሪኩን ከመጀመሪያው ያስረዱኛል፣ ምክንያቱም እንግዳ ያልገባውን ነገር እያየ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ነውር ነው። በዓመት ሁለቴ ስለማየው በገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ ላይ የማየው ለውጥ ከራሴ የቤተሰብ ታሪክ ይልቅ ግልጽ ሆኖልኛል። 3 ሰዓት ሲሆን እነሳለሁ። «በዚህ ሌሊት ወዴት? እኛ እያለን ሆቴል ምን ትሠራለህ?» ጋቢው ቀድሞ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ሠልጣኝ ጽኑ መሆን አለበት፤ ጀሞ ያደረ ሰው በማግስቱ ሥልጠናው ላይ የሚደርሰው ለሁለተኛው ሻይ ነው።

ሁለተኛው ባለቤት የክፍል ጓደኛ ነው። አልጋ በጋራ የሚያዘው ከፍቅር ብዛት አይደለም፤ ከአበሉ የምትተርፈው ገንዘብ ቤት ውስጥ ስም ወጥቶላታል፣ የቆርቆሮ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ናት። ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ውስጥ ከሌላ ዞን ከመጣ፣ ጠዋት ከተዋወቅከው ሰው ጋር ትገባለህ። የኔው ጓደኛ አንድ ጊዜ ሒሳብ የሚችል ሰው ነበር። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላ ጫማ ያደርጋል፣ በካኒቴራ ይጋደማል፣ ከዚያ እስከሚተኛ አይነሳም። ለእራት ከሻይ እረፍቱ በናፕኪን ጠቅልሎ ያመጣትን ኬክ ይበላል። «አልወጣም፣ ቁርስ እኮ ከአልጋው ጋር ነው» ይለኛል። ቁርስ ከአልጋው ጋር መሆኑ ከእራት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለመረዳት ሞክሬ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጠዋት እሱ ቡፌው ላይ ሲቆም ያየ ሰው ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ለአንድ ነገር አስፈላጊ ነው። ማታ ማታ ባለቤቴ በቪዲዮ ትደውላለች። ናፍቆት ነው፤ ግን ናፍቆቱ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ የሁለተኛውን አልጋ ይዞታ ማየት ይፈልጋል። ስልኩን ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ጓደኛዬ በካኒቴራው ሆኖ ከአልጋው ሳይነሳ እጁን ያወዛውዛል፤ «ሰላም ነሽ እህቴ፣ አብረን ነን» ይላል። በጣም የተረጋጋ ምስክር ነው። እኔም የሱ ሲደወል ሸሚዝ ለብሼ እጠብቃለሁ።

ኳስ የሚወድ ሠልጣኝ ከዚህ ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። የሻምፒዮንስ ሊግ አብዛኛው ጨዋታ ማክሰኞና ረቡዕ የሚጀምረው በኛ ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፤ ሲያልቅ ሌሊት ሆኗል። ረቡዕ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ዓይናቸው የቀላ ሰዎች ካየህ የቡድን ሥራው ከብዷቸው እንዳይመስልህ። ስለ ኳስ ከዚህ በላይ አልልም፤ የሚያወሩለት አያጣም።

መርካቶም አለ። ከቤት ተጽፎ የተሰጠ ዝርዝር የሌለው ባለትዳር ሠልጣኝ አላየሁም፤ ችግሩ ሥልጠናውና መርካቶ የሚዘጉት ተከታትለው መሆኑ ነው። ትራፊኩን አልፈህ ስትደርስ የብረት በሮች እየወረዱ፣ ነጋዴው ቁልፉን እየቆጠረ ነው። ዝርዝሩ የሚፈጸመው በምሳ ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላው ገለጻ ላይ ሦስት ወንበሮች ባዶ የሚሆኑትም ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ባለቤት ግን የሥራ ባልደረባ ነው፣ በተለይ «ዛሬ እኔ ነኝ የማወጣችሁ» የሚለው። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲውን አዲስ አበባ ተምሯል፤ ከተማዋን እንደሚያውቃት ያምናል። ዱሮ ይወስደን የነበረው ካዛንቺስ፣ አዝማሪ ቤት ነበር። አዝማሪ ቤት ለገባበት እንግዳ የሚሆነውን ላላየ ሰው እነግራለሁ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ዱካው ዝቅተኛ ነው፤ ሰው ከሰው ተጣብቆ ይቀመጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየእንግዳው ፊት ያልፋል። ፀጉር ያለውን በፀጉሩ፣ የሌለውን በሌለው ያወድሳል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገሩ የሚበላሸው ባልደረባህ ጎንበስ ብሎ አዝማሪውን «ተቀበል!» ያለው ጊዜ ነው። ከየት እንደመጣህ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ፣ አበል ትናንት እንደተከፈለህ፣ እስካሁንም እጅህ ኪስህ እንዳልገባ በግጥም እየነገረው፣ አዝማሪው እየተቀበለ፣ ቤቱ በሙሉ እየሳቀ፣ አብራው የምትዘፍነው ሴትም ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ፊትህ ትቆማለች። ያኔ የቆርቆሮው ገንዘብ ቅጠል በቅጠል በሁለቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ይህን ለመቃወም የሚያስችል ሕግ በፋይናንስ መመሪያው ውስጥ የለም።

አሁን ያ ሰፈር የለም። በ2017 በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤቶቹም አብረው ሄዱ፤ ባልደረባዬ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በወጣበት ምሽት አደባባይ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲፈልግ ያየሁት ሁኔታ ያሳዝናል። ዩኒቨርሲቲ የተማረበት ከተማ ከእጁ ወጥታለች። እዚያው የሚኖር ሰው ከተማው ሲለወጥ ቀን በቀን እያየ ይለምደዋል፤ እኛ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ የምንለው ግን እራት የበላንበት ቤት ቦታው ላይ የብስክሌት መንገድ እናገኛለን። የሚገርመው ብስክሌት የሚነዳ አለመጥፋቱ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። በእያንዳንዱ ሥልጠና አንድ ምሽት እሰርቃለሁ። ሌብነቱ ዝግጅት ይጠይቃል፦ ለአክስቴ «ዛሬ የቡድን ሥራ እናመሻለን»፣ ለቡድኑ «አክስቴ ጋ ልሄድ ነው»፣ ለክፍል ጓደኛዬ ምንም፣ እሱ አይጠይቅም። ባለቤቴን አልዋሻትም፤ ቴአትር ልገባ ነው እላታለሁ። አታምነኝም፤ ግን ነግሬያለሁ።

ብሔራዊ ቴአትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው፣ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ ዓመት በዓል፤ ያኔ የሳቸውን ስም ይዞ ነበር። የሥራ ቀን ትርኢት ሲኖር ሰዓቱ ከመሥሪያ ቤት መውጫ ጋር ስለሚጠጋጋ ለሠልጣኝ የተሠራ ይመስላል። ደጁ ላይ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠራው ትልቅ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። ሰው ቀጠሮውን እዚያ ይይዛል፤ «አንበሳው ጋ ነኝ» የሚሉ ድምፆች ባራቱም አቅጣጫ ይሰማሉ። እኔ ማንንም ስለማልጠብቅ በዚያ ሕዝብ መካከል ያለ ቀጠሮ የቆምኩት ብቸኛው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ትንሽ ያሳፍራል። ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ፣ ሰው የቀረብኝ ለመምሰል።

ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ግን ሌላ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ከማን ጋር እንደመጣህ የሚያይ የለም። መድረኩ ላይ የሚጨቃጨቁት ሰዎች ቢሮህን አያውቁትም፤ ከተጨቃጨቁ በኋላ ቃለ ጉባኤ ጻፍ አይሉህም። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከተዋናዮቹ ቀድመው ቃሉን በለሆሳስ ይሉ ነበር፤ ስንተኛቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። አስቂኙ ቦታ ሊደርስ ሲል በክርናቸው ይጎስሙኛል፣ እንዳያመልጠኝ። እሳቸው ባይኖሩ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

ስወጣ ታክሲ አልይዝም። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ፒያሳ በእግሬ እወጣለሁ። አዲስ አበባ ላይ ለእግረኛ ከዚህ የተሻለ የምሽት መንገድ ካለ የሚያውቅ ይንገረኝ። ታች ለገሃር የድሮው ባቡር ጣቢያ አለ፣ ላይ ጫፍ ማዘጋጃ ቤቱ፤ መሐል ላይ ፖስታ ቤቱ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበት። መድፉን ጋፋት ላይ አሠርተው በሕዝብ እያስጎተቱ መቅደላ ድረስ ሽቅብ ያስወጡትን ንጉሥ ስም በያዘ አደባባይ፣ አንድ ላፕቶፕ ቦርሳ ይዤ ዳገቱ ከበደኝ ማለት አልችልም። ቆም እላለሁ፤ መድፉን የማየት መስዬ እተነፍሳለሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሁለት ሐይቅ መካከል የመጣ ሰው ጃኬት የሚባለውን ነገር የሚያስታውሰው ሁልጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነው።

ፒያሳ ስደርስ ጥያቄው እራት ነው። ለብቻ መብላት በኛ ባህል ከባድ ነገር ነው፤ ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የተባለው ለቀልድ አይደለም። አስተናጋጁም ተረቱን ያውቀዋል። አራት ወንበር ባለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤ ይመጣና ሦስቱን ባዶ ወንበሮች ያያል።

«ሰው እየጠበቁ ነው?»

«አይ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እሺ፣ ሲመጡ እመለሳለሁ።»

ተመልሶ ይመጣል። ማንም አልመጣም። አሁን ፊቱ ላይ ርኅራኄ አለ፤ ሰው የቀረብኝ መስሎታል። በየዓይነቱ አዝዤ ስበላ (ረቡዕ ከሆነ ጭራሽ ጥሩ፤ ጾም ሰበብ ይሆናል) አንዴ ሽሮ ይጨምርልኛል፣ አንዴ ቃሪያ ያመጣል፣ ዝም ብሎ መጥቶ «እንዴት ነው ሥራ?» ይለኛል። አንድ ምሽት ላይማ እንጀራ ሊጨምርልኝ መጥቶ ቆሞ ቀረ። ወንበሩን ሳብኩለት። ቤቱ ጭር ብሎ ስለነበር ተቀመጠና አንድ ሁለት ጎረሰ። ከምዕራብ ሸዋ ነው፤ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ምሽቱን አንድም ቀን ወጥቶ እንደማያውቅ፣ እሱ ሥራ ሲጨርስ ከተማው እንደሚተኛ ነገረኝ። የሰረቅኩት ምሽት እንዲህ ተካፈለ፤ ቅር አላለኝም። ሒሳብ ስከፍል ለሽሮው ጭማሪ አላሰበብኝም።

ከዚያ ሚኒባስ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ረዳቱ ድምፁ ደክሞ ሰፈሩን ሁለቴ አይጠራም። ከኋላ ወንበር፣ በመስኮት በኩል እቀመጣለሁ። «ወራጅ አለ!» ማለት የማይፈልግ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ ሆቴሌን አልፌ እስከ መጨረሻው ሄጄ በዚያው ታክሲ እመለሳለሁ። ረዳቱ ሁለተኛ ሲያስከፍለኝ ጠፍቶብኝ መስሎት ጮክ ብሎ ለሾፌሩ ይነግረዋል፣ ተሳፋሪው ሁሉ አቅጣጫ ሊያሳየኝ ይነሳል። ለማንም አላስረዳም። «አመሰግናለሁ» እላለሁ፤ እዚያው እቀመጣለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አርባ ምንጭም የሥልጠና ከተማ ሆናለች፤ ሆቴሎቹ በባነር ተሞልተዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ባልደረባ ደወለልኝ፤ ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ውለው ገና መለቀቃቸው ነበር።

«እዚህ ከተማ ማታ ማታ ምን ይሠራል?»

መልሱን ማን እንደኔ ያውቀዋል? ከሲቀላ ባጃጅ ይዘህ ወደ ሴቻ ውጣ፣ ገደሉ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ጋ ተቀመጥ፣ ሳይጨልም በስተግራ አባያን፣ በስተቀኝ ጫሞን፣ መሐላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይን ታያለህ። አሳ እዘዝ። ማንም አይደርስብህም። ይህን ሁሉ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«የት ሆቴል ነው ያረፍከው?» አልኩት። «እንዳትንቀሳቀስ፣ መጣሁ።»

«ኧረ አትቸገር፣ ብቻዬን ትንሽ ዞር ዞር ልል ነበር…»

«ብቻህን? እኔ እያለሁ? እናቴ እኮ እንደምትመጣ ሰምታ ዶሮ አሳርዳለች። በዚያውም ስትመለስ የምትይዝልኝ ትንሽ ካርቶን አለች፤ ለአክስቴ ናት። ጀሞ ናቸው፣ ሩቅ አይደለም። ግን አደራ፣ በገባህበት ቀን አድርስልኝ፤ ሙዝ አለበት።»